መልሱ ‘መ’ አይደለም

ሰውየውን የወደደችው በ‘መ’ በኩል ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ እብደት ይመስላል፤ ለሚያውቀውም ቢሆን ብዙ አይሻል። ትምህርት ቤቱ ባዮሎጂ እንድታስተምር ሲቀጥራት፣ ከክፍሉ ቁልፍና አንድ ክንዱ ከጎደለው የፕላስቲክ አጽም ጋር የቀድሞዋን መምህርት ጥያቄዎች አብሮ አስረከባት። የቀድሞዋ መምህርት ሞታለች። ጥያቄዎቿ ግን ኢንተርኔት ላይ ናቸውና አልሞቱም። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፣ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ግድግዳው ላይ የመግቢያ ኮድ ይወጣል። ተማሪዎቹ በየስልካቸው ኮዱን አስገብተው ለራሳቸው የፈለጉትን ስም ያወጣሉ፤ «ጉልቤው»፣ «አልነሳም»፣ «እናቴ ትምህርት ቤት ናት ብላ ታስባለች»። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ቀድሞ የነካ ብዙ ነጥብ ስለሚያገኝ፣ ልጆቹ ጥያቄውን ሳያነቡ የመመለስን ጥበብ ከተካኑ ቆይተዋል።

የምርጫ ጥያቄ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከባዱ እውነቱን መጻፍ አይደለም። እውነቱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ከባዱ ውሸቶቹን መጻፍ ነው፤ ለአንድ እውነት ሦስት ውሸት ይፈለጋል፣ ሦስቱም እውነት መምሰል አለባቸው። ሟቿ ሁለት ውሸት ከጻፈች በኋላ ይሰለቻት ነበር መሰል፣ ሦስተኛውን ለባሏ ሰጥታዋለች።

«ከሰውነታችን ትልቁ አካል የቱ ነው?» ይልና፣ ጉበት፣ ቆዳ፣ ሳንባ ብሎ፣ ‘መ’ ላይ ሲደርስ «የባለቤቴ ኩርፊያ» ይላል። «በጨለማና በእርጥበት የሚበቅለው የትኛው ነው?» መ፤ «ባለቤቴ ከሶፋው ሥር የረሳው ካልሲ።» «ስንተኛ የማያቋርጠው የትኛው ሥራ ነው?» መ፤ «የባለቤቴ ቁጥር መቁጠር።»

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አዲሷ መምህርትም ትስቃለች። የምትስቀው ግን የሞተ ሰው ባወራው ቀልድ ስለሆነ፣ ሳቁ ሲያልቅ የሆነ ብርድ ነገር አንገቷ ላይ ይቀራል።

«ባለቤቴ» የተባለው ሰውም የተረት ሰው አይደለም። ከኮሪደሩ ማዶ ሒሳብ ያስተምራል። «አሳጥሩት፣ አሳጥሩት» ማለት ስለማይታክተው ተማሪዎቹ «አሳጥሩት» ብለው ሰይመውታል፤ ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር የሚላተም መሆኑ ስሙን አጣፍጦታል። እንግዲህ አዲሷ መምህርት የሰውየውን ድምፅ በደንብ ሳትሰማ ካልሲውን አወቀች። እጁን ሳትጨብጥ ኩርፊያውን አወቀች። አንድ ሐሙስ ደግሞ «የዓይን ብሌን የሚሰፋው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ‘መ’ እንዲህ ይላል፤ «ባለቤቴ እኔን ሲያይ። እሱ ግን ይክዳል።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አዲሷ መምህርት ከሰውየው ጋር ስታወራ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አንዳንዴ ብሌኑ የሰፋ ይመስላታል። ነገር ግን የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሎ ቦታው ጨለማ በመሆኑ፣ እንደ ሳይንስ ሰው ማስረጃውን ልትቀበለው አልቻለችም።

*

ሁለት ነገሮች ግን እንቅልፍ ነሥተዋት ነበር።

አንደኛው የኋላ ወንበር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግድግዳው ላይ የሚሰለፉት ስሞች ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች በአንድ ይበልጣሉ። ትርፉ ስም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የኋላ ወንበር»። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስልክ ያስፈተሸችበት ቀን እንኳ አልተገኘም። ይህ «የኋላ ወንበር» የሚባል ተጫዋች አንድ ጠባይ አለው፤ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን የሚመርጠው ‘መ’ን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ዜሮ ያመጣል። ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ሁልጊዜም ሳይሰለች ተመልሶ ይመጣል።

«ቲቸር፣ እሷ ናት» አለቻት አንዷ ተማሪ፣ ፊቷ ሳይንቀሳቀስ።

«ማን?»

«የበፊቷ ቲቸር። የራሷን ቀልድ እየመረጠች።»

«የራሷ ጥያቄ ላይ ዜሮ ታመጣለች እንዴ?» አለ ሌላው።

«ሞታ ምን ነጥብ ያደርግላታል?»

አዲሷ መምህርት «ዝም በሉ» አለች። ዝም አሉ። ዝምታው ግን ከወሬው ባሰባት። እሷ በልቧ የጠረጠረችው ሌላ ሰው ነበርና። ከኮሪደሩ ማዶ፣ ተማሪዎቹን መልመጃ አስይዞ፣ ከጠረጴዛው ሥር ስልኩን ደብቆ፣ የሚስቱን ድምፅ በጣቱ የሚነካ ረጅም ሰው ይታያት ነበር። በሐሳቧ ባየችው ቁጥር ታዝንለታለች። ቀጥሎ ትቀናለች። ቀጥሎ ደግሞ በሞተች ሴት ላይ በመቅናቷ ታፍራለች፤ ሦስቱ ተራ ገብተው ይፈራረቁባታል።

ሁለተኛው ነገር ሐሞት ነው።

«ሐሞት የሚመረተው የት ነው?» ይላል ጥያቄው። ሀ፤ የሐሞት ከረጢት። ለ፤ ጉበት። ሐ፤ ጣፊያ። መ፤ ምሳ የዘገየበት ባለቤቴ ውስጥ። ትክክለኛው መልስ ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ሟቿ ግን ትክክል ብላ ምልክት ያደረገችው ‘ሀ’ ላይ ነው። ማሽን ደግሞ የነገሩትን ያምናል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ‘ሀ’ በአረንጓዴ ያበራል።

ሰውየው ጥያቄዎቹን በራሷ ስም መክፈት እንድትችል ያስገባት ቀን «ተጠቀሚበት፤ ግን ምንም አትንኪ» ብሏት ነበር።

«ስሕተት ባገኝስ?»

«ምንም» አለ፤ አስተያየቱ ግን ልመና ነበር።

እሷም እሺ አለች። ጥያቄው በመጣ ቁጥር «ማሽኑ ከረጢት ይላል፣ እናንተ ጉበት በሉ» ትላለች። ይህን ስትል ከኋላዋ የሆነ ሰው የተቀየመ ይመስላታል።

*

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነርስ ናት፤ ከሞት ጋር በፈረቃ ስለምትሠራ ነገር አታለሳልስም።

«ሚስቱ የሞተችበት ሰው ይሻላል ሲሉ እሰማለሁ» አለች ካልሲዋን እያወለቀች። «ከፈታ ሰው ይሻላል፣ ቢያንስ ደውላ አትረብሽም ይባላል። ያንቺው ግን ሚስቱ በየሳምንቱ ታስተምራለች።»

«አሁን ቀልድ ነው ይሄ?»

«እኔ የማውቀው ሰው ሲሞት ሥራ እንደሚለቅ ነው።»

«እትዬ፣ በናትሽ።»

«ደግሞ የሚኖረው አማቱ ቤት። ሴትዮዋ ሌላ ልጅ የላትም። ልጇን ቀብራ አማቿን ያስቀረች እናት፣ ነይ ግቢና ልጄ አልጋ ላይ ተኚ የምትልሽ ይመስልሻል?»

 ባለፈው ሳምንት ሰውየው ታናሽየዋን ከደረጃው ሥር አስቁሟት፣ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር እየታገለ፣ «ከፈተናው በኋላ በሚመጣው ሰኞ ከአማቴ ጋር ላስተዋውቅሽ አስቤያለሁ። ከመጣሽ ለምን እንደምትመጪ ይገባታል። ቀድመሽ አስቢበት» ብሏት ነበር። እሷ አስባበታለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበችም።

«የምትሄጂ ከሆነ» አለች እህቷ ድምጿን ለውጣ፣ «ለብቻሽ እንደማትገቢ እወቂ።»

መብራቱ እንደበራ ነበር። ቢሆንም ታናሽየዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ወንበር አየችው።

*

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በወረቀት ነበር። ስታርም ግማሹ ክፍል «የሐሞት ከረጢት» ብሎ አገኘችው። ጎበዞቹም ጭምር። ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ የበራ ነገር፣ መምህር በአፏ ከተናገረችው ይበልጣል ማለት ነው።

ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ልጆቹን ትክክል ብትላቸው ውሸት ነው፤ ስሕተት ብትላቸው ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ምልክቱን ከ‘ሀ’ አንሥታ ‘ለ’ ላይ አደረገች። «አስቀምጥ» የሚለውን ነካች።

ከጥያቄዎቹ ስብስብ በላይ «በመጨረሻ ያረመው» የሚል አንድ መስመር አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሟቿን ስም ይዞ የኖረ መስመር ነው። ገጹ ብልጭ አለና የእሷ ስም ቦታውን ያዘ።

እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ልትመልሰው ሞከረች፤ የሚመለስ ነገር አይደለም። አስተካክላ ብታስቀምጠውም አበላሽታ ብታስቀምጠውም ያው የእሷን ስም ነው የሚጽፈው። አንድ ሰው አንዴ ከመቃብር ላይ ድንጋይ ካነሣ፣ መልሶ ቢያስቀምጠውም ያነሣው እሱ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። መጋረጃው ተዘጋ። ስሞቹ ተሰለፉ፤ የኋላ ወንበርም መጣ፤ አንድ፣ ሁለት ጥያቄ እንደ ልማዱ ‘መ’ን መታ። ከዚያ ሐሞት መጣ። ሰዓቱ አለቀ። ጉበት በአረንጓዴ በራ።

«ቲቸር! ማሽኑ አመነ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ክፍሉ ተንጫጫ።

በጫጫታው መሐል ከግድግዳው ጥግ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች፤ «የኋላ ወንበር ከጨዋታው ወጥቷል።»

ክፍሉ እንደ ታዘዘ ጸጥ አለ። አዲሷ መምህርት ቀና ስትል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በቀዳዳው ረጅሙ ሰው ቆሟል። የሚያየው ግድግዳውን እንጂ እሷን አልነበረም። ዓይኑ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ የዚያን ዕለት ሳይንስ አላስፈለጋትም።

*

ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ስክሪኑ ላይ ያቺን መስመር ከፍቶ ተቀምጧል።

«ምን ነካሽ?» አለ ሳይዞር።

«ልጆቹ ፈተና ላይ ከረጢት ብለው ጻፉ። ግማሹ ክፍል።»

«ምንም አትንኪ ብዬሽ ነበር።»

«እኔ በአፌ ጉበት እላለሁ፣ ግድግዳው በመብራት ከረጢት ይላል። ማንን ይመኑ?»

«እኔ ስሕተት መሆኑን የማላውቅ መሰለሽ?» ዞረ። «የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ያንን እንኳ አውቃለሁ። የነገርኳት እኔ ነኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ ‘አንተ ቁጥርህን ቁጠር’ አለችኝ። ተጨቃጨቅን። በኋላ መጽሐፉን ገልጣ አየችውና ዝም አለች። ‘እሺ፣ ነገ አርመዋለሁ’ ብላ መብራቱን አጠፋች።»

አንድ እርምጃ ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

«ጠዋት አልነቃችም። ሐኪሞቹ ደም ሥር ነው አሉ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ። እንቅልፍ ላይ። ሕመም የለውም አሉኝ። ደስ እንዲለኝ መሰለኝ።» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ፤ ስሟ የነበረበት ቦታ። «ነገ አለች። ገባሽ? ይሄ እስካልታረመ ድረስ ያልጨረሰችው ሥራ አላት። ሥራ ያለው ሰው ደግሞ… ይመለሳል። እንደዚያ ነው የማስበው። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

አጠገቡ ልትቀመጥ ፈለገች፤ እግሯ ግን ቅናቷን ተከትሎ ቆመ። ልትለው ያልፈለገችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ለዚህ ነው ሐሙስ ሐሙስ ‘መ’ን ስትመታ የምትውለው?»

«ምን?»

«የኋላ ወንበር አንተ ነህ አይደል?»

ለረጅም ጊዜ አያት። እንደዚያ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር፤ እንደ ማያውቃት ሰው።

«እናቷ ናት» አለ። «ኮዱን በበሩ አይቼ የምልክላት እኔ ነኝ። መልሱን አታውቀውም፤ ማወቅም አትፈልግም። ልጇ ያለችው ‘መ’ ላይ ነው፤ እዚያ ሄዳ ትነካትና ሐሙሷ ያልፋል። ዛሬ ግን መሐል ላይ ወጣች። አይተሻል አይደል?»

ኮምፒውተሩን አጠፋው። ጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለቱም ለአፍታ ታዩ፤ ራቅ ራቅ ብለው፣ በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ጓ አድርጎ ቢዘጋው ይሻላት ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ለብቻዋ ሄደች።

አማቲቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሱቁ ጠባብ ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል አንገት የሌላቸው ሰማያዊ ሹራቦች ተሰቅለዋል፤ በር ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ሴትዮዋ ለአንድ ልጅ እጅጌ ሲለኩ ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ቁጭ በይ» አሏት። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀች። ወጡ።

«ጉበቷ አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እማማ…»

«ግድ የለም፣ ነግሮኛል። ሐሙስ ማታ እንደ እባብ እየተነፈሰ ነው የገባው።»

«ላስቀይምዎት ብዬ አልነበረም። መሐል ላይ ሲወጡ ሳይ ልቤ ነው የተሰበረው። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ከየት ስወጣ?»

«ከጥያቄው።»

ሴትዮዋ መርፌያቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ አሰቡ። አስታወሱ።

«ባትሪ ነዋ።»

«እንዴት?»

«ባትሪ አለቀ። ይቺ ስልክና እኔ አንድ ነን፤ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም እንደክማለን። እናንተ ምን መስሏችሁ ነው?»

አዲሷ መምህርት ሳቋ መጣ፤ እንባዋም መጣ፤ ሁለቱ ተላተሙና አንዱም ሳይወጣ ቀረ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። መርፌውን የመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ ተሳስታ ከሆነ ታርሟል፤ አበቃ። ስትሳሳት የመጀመሪያዋ አይደለም። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ተሳስቻለሁ ከምትል ምላሷን ብትነክስ ይቀላት ነበር። ‘ነገ አርመዋለሁ’ ማለቷ ራሱ ባሏን ምን ያህል ትወደው እንደነበር ነው የሚያሳየው፤ እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።» መነጽራቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «የመጣሽበትንም አውቃለሁ። ልብስ ሰፊ ቤት እየኖረ እንደ ኩርምት ወረቀት ተጨማዶ የሚወጣ ሰው፣ ሰሞኑን ራሱ ሸሚዝ መተኮስ ጀምሯል። ሸሚዝ ከተተኮሰ ሰው መጥቷል ማለት ነው።»

«እማማ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ…»

«እኔ ማነኝ ከልካይ? ሰውየው በሕይወት አለ፤ አብሮኝ ተቀምጦ አቧራ እንዲጠጣ አልፈልግም። ሐሙስን ብቻ አትውሰጂብኝ። ያቺን ተዪልኝ።»

«እሺ። ‘መ’ን አልነካትም።»

«ጎሽ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ አሁን በደንብ አዩዋት። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ክፋት እንዳይመስልሽ። ኩርፊያውን ታውቂዋለሽ አይደል? በምን አወቅሽ?»

«ከጥያቄው።»

«ካልሲውንስ?»

«ከጥያቄው።»

«ዓይኑንስ?»

አዲሷ መምህርት ፊቷ ጋለ።

«ታዲያ የወደድሽው ሰውየውን ነው ወይስ የልጄን ወሬ?» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ለዚህ ነው የጠለቀው። «በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ሌላ ሰው ሲለብሰው ብዙ አይቻለሁ። የሚያምርበት አለ፤ አልልም። ግን ትከሻው ላይ ይታወቃል።»

የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመሩ። አዲሷ መምህርት ስትወጣ ሹራቦቹ ሁሉ ባንድነት ተወዛወዙ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ሴት ጎን ለጎን እየሄደች ስለ ባሏ የምታወራላት መሰላት። ቀልደኛ ሴት ነበረች። ደግ ሴት ነበረች። ቢሆንም ዝም እንድትል የምትለምናት ቃል አላገኘችም።

*

እሑድን ሙሉ አንድ የራሷን ‘መ’ ለመጻፍ ሞከረች። ስለ እሱ፤ አንድ መስመር ብቻ። ጻፈች፤ አነበበችው፤ ካልሲው ነው። ደመሰሰችው። እንደገና ጻፈች፤ ኩርፊያው ነው። እሱም የሟቿ ነው። ጭንቅላቷን ብትፈትሽ የእሷ ብቻ የሆነ ሰው አላገኘችም። ታላቅ እህቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ፣ ትከሻዋን ዳብሳ አለፈች። ይህ አስፈራት።

ሰኞ ሁሉም ከሄደ በኋላ በባዮሎጂ ክፍል ሰሌዳ ስትጠርግ ገባ። ጉበኑን ጎንበስ ብሎ አለፈው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ አንዱ ኮሌታ ግን ተረስቷል።

«ባትሪ ነው አሉ» አለ።

«ነገሩኝ።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ ማን እንደሚጀምር አልተስማሙም።

«ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ስለተናገርኩሽ… ለልጆቹ ትክክለኛውን አድርገሻል። እኔ ነኝ ለራሴ ብዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸት ያስተማርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ስሟን አጠፋሁብህ።»

«ስሟን ያጠፋው ሞት ነው። አንቺ ጉበት ነው ያልሽው።» እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ አወጣ። «ዛሬ ሰኞ ነው። ላስተዋውቅሽ ብዬ ነበር፤ ለካ ቀድመሽኛል። ደግሞ የምለው ነገር አለኝ…»

«ቆይ» አለችው። «ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ።»

«ምን?»

ዳስተሩን አስቀመጠች። እጇ ላይ ያለውን የጠመኔ ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች።

«እሷ የማታውቀውን። አንድ ነገር። ምንም ይሁን። እኔ ስላንተ የማውቀው ሁሉ እሷ የነገረችኝ ነው። ካልሲህ፣ ኩርፊያህ፣ ዓይንህ። የምወደው ሰው በሌላ ሴት ዓይን የታየው ነው። በሰው ዓይን እያየሁ መኖር አልችልም። አንድ የራሴ ነገር ስጠኝ። ከሌለም ንገረኝ፤ አልቀየምም። እሄዳለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ።  መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ወደ ሁለተኛው ተንፏቀቀ። የለውም፣ አለች በልቧ። ባዶ ነው። ሁሉንም ይዛው ሄዳለች። ቦርሳዋን ለማንሣት ጎንበስ አለች።

«ቆሜ ነው የምበላው» አለ።

ቀና አለች።

«ከሞተች ወዲህ ተቀምጬ በልቼ አላውቅም። ወጥ ቤት፣ ማድጋው ጥግ ቆሜ። እናቷ የቸኮልኩ ይመስላታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ። ከተቀመጥኩ… ሰው የምጠብቅ ይመስለኛል። ሰው ከጠበቅኩ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ አልቀመጥም። ይህንን ማንም አያውቅም። እሷ ልታውቀው አትችልም፤ ከሷ በኋላ የመጣ ነገር ነው።»

አዲሷ መምህርት ቦርሳዋን ተወችው። ይህ በየትኛውም ጥያቄ ውስጥ የለም።

«ሐሙስ ማታ ግን» አለ፤ ፊቱ ቀላ፣ ረጅሙ ሰው እንደ ተማሪ አቀረቀረ፤ «ካንቺ ጋር ተጣልቼ ገባሁ። ተናድጃለሁ። በልቤ እየመለስኩልሽ፣ እንዲህ ልላት ይገባኝ ነበር፣ እንዲያ ልላት ይገባኝ ነበር እያልኩ ሳኝክ፣ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የነቃሁት። ተቀምጫለሁ። ወንበሩን መቼ እንደሳብኩት አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈራሁ።»

«ተነሣህ?»

ቀና ብሎ አያት። ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው ተከፍቷል፤ ብርሃን ሞልቷል፤ የሚሳበብበት ጨለማ የለም።

«አልተነሣሁም» አለ። «ጨረስኩት።»

እሷም ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱን ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እሱ አስጠጋችው። አንድ ቃል ሳይናገር ተቀመጠበት፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ቀረ። ስታየው በደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሣ። ደስታ ነው እንዳትል ፈራች፤ ፍርሃት ነው እንዳትል ደስ አላት። ስሙን ፈለገች፤ አጣችው፤ እንዲህ ያለ ስሜት እንዳለ ማንም አስቀድሞ አልነገራትም ነበርና።